የውሾቹ ፊልም

አያቴ የአየር ኃይል ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን የአውሮፕላን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው አሁን ቢሾፍቱ ግቢያቸው ውስጥ የፓፓያ ዛፍ ይንከባከባሉ። ከተማዋን ዛሬም ደብረ ዘይት ነው የሚሏት፤ ለማረም መሞከር ካቆምን ቆየን። ባለፈው የእንቁጣጣሽ ሰሞን ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና አንድ የድሮ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም አብረን እንድናይ ጠየቅኳቸው። ጥቂት እንዳየን «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «የውሾቹ ፊልም ነው።»

ውሾቹ እስኪመጡ ጠበቁ። ፊልሙ አለቀ፤ ውሻ የለም።

«ቆርጠውታል» አሉኝ።

ማንም አልቆረጠውም። ውሾቹ መጀመሪያውኑ አልነበሩም። በኋላ፣ እዚህ አገር፣ ተቀጥለው የገቡ ናቸው።

ፊልሙ እንግሊዝ አገር የተላለፈው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 18 ቀን 1973። ቴምስ ቴሌቪዥን የተባለው ጣቢያ «ዚስ ዊክ» በሚለው ሳምንታዊ ፕሮግራሙ ነው ያቀረበው። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ይባላል፤ ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፣ ከእኔ ጋር እኩያ ማለት ይቻላል። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» ነው፤ የሚያሳየውም ወሎን ነው።

እውነቱን ለመናገር ልተቸው ተዘጋጅቼ ነው የከፈትኩት። የኛ ትውልድ ለዚህ ዓይነት ፊልም መልሱ በእጁ ነው፦ ነጩ መጣ፣ የተራበውን ቀረጸ፣ ሄደ፣ ታወቀ። ጥቂት ደቂቃ ካየሁ በኋላ ግን ይሄ መልስ አልበቃኝም። ካሜራው ተደርድረው በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ቀስ እያለ ያልፋል። ጋዜጠኛው አሁን ይናገራል ብላችሁ ስትጠብቁ ዝም ይላል። ሳል ይሰማል። ሕፃን ያለቅሳል። ካሜራው አሁንም ይሄዳል፣ ሰዎቹ አሁንም አላለቁም። የዛሬ ኤዲተር ቢያገኘው በዚያ ዝምታ ላይ ዋሽንት ይጭንበት ነበር። ዲምብልቢ አልጫነበትም። ተመልካቹ ከሰዎቹ ጋር ብቻውን ይቀራል፤ ምን ሊሰማው እንደሚገባ የሚነግረው ሰው የለም። በጣም የሚከብደውም ይሄ ነው።

ርዕሱን ግን አልምረውም። ያልታወቀው ለማን ነው? የወሎ ገበሬ ያውቃል። የአውራጃ አስተዳዳሪ ያውቃል። ፊልሙ ከመተላለፉ ወራት ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ መስፍን ወልደ ማርያም አንዱ ሆነው፣ ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ ይዘው ተመልሰዋል፤ ፎቶዎቹም ግቢው ውስጥ ታይተዋል። ተማሪው አይቷል፣ ጮኋል። አገሩ የራሱን ረሃብ በራሱ ካሜራ አንስቶ ለራሱ አሳይቶ ነበር ማለት ነው። ግን «የታወቀው» ለንደን ላይ ሲታይ ነው። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ግምቱ ከ40 ሺህ ተነስቶ 200 ሺህ ይደርሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ስንት ሰው እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ ውሾቹ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በወሎ ሰዎች መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ኬክ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። የሚሞት ልጅ፣ ከዚያ ውሻ። ባዶ ሰሃን፣ ከዚያ ኬክ። ንጉሡም ቁጭ ብለው እንዲያዩት ተደረገ። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ከዙፋን መውረዳቸው ተነገራቸውና በቮልስዋገን ጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው።

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በእኛ ሥራ ፎርክ የሚባል ነገር አለ፦ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ትወስድና ከዚያ ጀምሮ በራስህ መንገድ ትቀጥለዋለህ። ደርግ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ከወሎ ሰዎች ምስል ላይ አንድም ነገር መለወጥ አላስፈለገውም፤ ከጎናቸው ምን እንደሚቀመጥ መወሰን ብቻ በቃው። ለእንግሊዙ ተመልካች «እርዳ» ያለው ምስል ለአዲስ አበባው ተመልካች «አውርድ» አለው። ሁለቱም ሠርተዋል፤ እንግሊዞች ገንዘብ ላኩ፣ ንጉሡም ወረዱ። በሁለቱም ፊልሞች ውስጥ ግን የወሎዋ ሴት ያው ናት፤ ተቀምጣለች፣ ታያለች፣ ስሟ አይነገርም።

አያቴ ያን ምሽት ካምፕ ክበቡ ውስጥ ነበሩ። ቴሌቪዥን ያለበት ቦታ እሱ ስለነበር ሰዉ ቆሞ ነው ያየው። «እኛማ ከየካቲት ጀምሮ ተቆጥተን ነበር» ይላሉ፤ በየካቲት 1966 የደብረ ዘይት አየር ኃይል አባላት በኑሮና በደመወዝ ጉዳይ ያመፁበትን ማለታቸው ነው። ፊልሙ ለተቆጣ ሰው ምን እንዳደረገ ሲያወሩ ድምፃቸው ዛሬም ይለወጣል። ውሾቹ ምን ዓይነት እንደነበሩ፣ በምን እንደቀረበላቸው፣ አጠገባቸው ማን እንደቆመ ይነግሩኛል። ስንቱ እውነተኛ ትዝታ እንደሆነና ስንቱ በኋላ ሲወራ የተጨመረ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውምም። ሌላ ነገር ግን ጠየቅኩ።

«ከወሎዎቹስ የሚያስታውሱት ሰው አለ? አንድ ፊት?»

ቆዩ። «ብዙ ነበሩ» አሉ።

ከዚያ የ1977ቱን ከፈትኩ። ይሄኛውን አብዛኞቻችሁ ቁራጭ በቁራጭ አይታችሁታል፤ ኮረም ላይ የተቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ ነው፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ተላለፈ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 23 ቀን 1984። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከ400 በላይ ጣቢያዎች ደግመው አሳይተውታል። አሥረኛው የአብዮት በዓል በሠልፍና በመብራት ከተከበረ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም።

በርክ የሚጀምረው ከንጋት ነው። ብርዱ፣ ጭጋጉ፣ ሜዳው ላይ በጋቢና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕዝብ። ጽሑፉ በጣም ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የተቀመጠ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ከብዙ ሰው እለያለሁ፦ የዲምብልቢው ይበልጣል። በርክ ገና ሲጀምር ያየውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር ያነጻጽራል። ያቺ ንጽጽር ናት በዓለም የዞረችው። የመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ ደግሞ ከሰማይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ተጠያቂ መንግሥት የለው፣ በጀት የለው፣ በተዘጋ መንገድ ላይ የቆመ ወታደር የለው። በዚያ ሰዓት በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚካሄደው ጦርነት፣ ገበያና እህል የሚመታበት ዘመቻ፣ በምስሉ ጠርዝ ላይ ቀረ። ዋናው ተዋናይ ድርቁ ሆነ። ቢቢሲ ፈቃድ አግኝቶ የገባው በመንግሥት በኩል ስለሆነ ይሄን ሁሉ መዘርዘር ቀላል አልነበረም፤ እሱ ይገባኛል። የሚያናድደኝ ግን የጽሑፉ ውበት ራሱ ጥያቄውን መሸፈኑ ነው። ያን ካዳመጠ በኋላ «ማን አደረገው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ምን ላድርግ?» ነው የሚለው።

ሌላው ደግሞ ድምፅ ነው። በዚያ ዘገባ ውስጥ የሚናገሩት ጋዜጠኛውና ፈረንሳዊቷ ሐኪም ብሪጂት ቫሴ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠር አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ አንድ የአገሬው ሰው ተጠይቆ አይመልስም። የሞተች እናት፣ ከሁለት ወር በፊት ከወለደችው ልጇ ጋር አብራ ተገንዛ እናያለን። ማን እንደነበረች የሚነግረን የለም። እዚያው ቆሞ የነበረ ዘመድ አልነበራትም? ያስገነዛት ሰው ማን ነው? ጥያቄው ይሄን ያህል ቀላል ነው።

«ነጭ ካሜራ» የሚለው ክሳችን ደግሞ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ምስሉን ያነሳው መሐመድ አሚን ኬንያዊ ነው፤ የናይሮቢ ልጅ። በ1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በ1989 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ውስጥ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ኑሮውም ሞቱም ከኛ ጋር የተሳሰረ ሰው ነው። ካሜራውን የያዘው አፍሪካዊ መሆኑ የሴትዮዋን ስም አላመጣም። ችግሩ የዓይኑ ቀለም ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፦ የቦብ ጌልዶፍ ዘፈን፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 በዌምብሌይና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ። ገናን ከአብዛኛው አውሮፓ ቀድሞ ያከብር የነበረን ሕዝብ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ላይ ተቀልዶ ተቀልዶ አልቋል፤ ታኅሣሥ 29 በመጣ ቁጥር ደግሞ ይታደሳል። አልደግመውም።

እንግሊዞቹ ግን፣ መናገር አለብኝ፣ ተለውጠዋል። በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአውሮፓ የእርዳታ ድርጅቶች ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በ2014 ባንድ ኤይድ ዘፈኑን ለኢቦላ ደግሞ ሲቀዳ ጋናዊ እንግሊዛዊው ፊውዝ ኦዲጂ አልሳተፍም አለ። በ2020 ኮሚክ ሪሊፍ ታዋቂ ሰዎችን አፍሪካ ልኮ ከተራበ ልጅ ጋር መቅረጽ እንደሚያቆም አስታወቀ። በ2024 የዘፈኑ 40ኛ ዓመት ሲከበር ኤድ ሺራን ቢጠየቅ ኖሮ ድምፁ ዳግም እንዲገባ እንደማይፈቅድ ተናገረ፤ ሐሳቡን ያስለወጠው የፊውዝ ኦዲጂ ክርክር መሆኑንም ጠቀሰ። ጥሩ ነው። አርባ ዓመት ፈጀ እንጂ ጥሩ ነው።

ለውጡን ሳነብ ግን አንድ ነገር ያስቸግረኛል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ተመልካቹ ነው፦ ለንደን ያለው ሰው ስለ አፍሪካ ምን ያስባል? የተሳሳተ ሥዕል ይይዛል ወይ? የተቀረጸው ሰው ፊልሙን ያያል የሚል ሐሳብ ውስጡ የለም። በ1966 እና በ1977 ይሄ እውነት ነበር። የኮረሟ ሴት በሕይወት ብትተርፍ እንኳ ያን ዘገባ የምታይበት መንገድ አልነበራትም። የተቀረጸውና ያየው በፍጹም የማይገናኙ ሁለት ሕዝቦች ነበሩ። የገጠማቸው ሰው ካለ ብርሃን ወልዱ ናት። ሕፃን ሳለች መቀሌ ላይ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጻት፣ ምስሏ በላይቭ ኤይድ የታየው ልጅ። በ2005 ሎንዶን ሃይድ ፓርክ ላይ፣ ላይቭ ኤይት በተባለው ኮንሰርት፣ አድጋ መድረክ ወጣች፣ ማዶና እጇን ይዛ። በዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ የራሷን የሕፃንነት ፊት ካሳዩ በኋላ ነው ያወጧት። እኔ ያን ቪዲዮ ሳይ ማዶናን አይደለም የማየው፤ ልጅቷን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እሷ የማታስታውሰውን ቀን ያስታውሳል።

አሁን ለምን እነዚህን ፊልሞች ፈልጌ ማየት እንደጀመርኩ ልናገር።

እዚሁ ከተማ ያለ አንድ የሕፃናት መርጃ ማኅበር እኔንና ጓደኛዬን የልገሳ ገጽ እንድንሠራለት ጠየቀን፤ በነፃ ነው የሠራነው። ለመነሻው ሁለት ምስል ሞከርን። አንዱ እናቶቹ የከፈቱትን ዳቦ መጋገሪያ ያሳያል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ዱቄት ፊታቸው ላይ አለ። ሌላው የአንዲት ትንሽ ልጅ ፊት ነው፤ ቅርብ፣ ዓይኗ እንባ ያቀረረ። ገጹ ለግማሹ ጎብኚ አንዱን፣ ለግማሹ ሌላውን እንዲያሳይ አደረግኩ። ይሄ በሥራችን የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ የቁልፍ ቀለም እንኳ እንዲህ ነው የሚመረጠው። የልጅቷ ፊት አሸነፈ። በጥቂት አይደለም። ዳቦ መጋገሪያውን አወጣሁትና ልጅቷን ለሁሉም አደረግኳት። ለገንዘቡ ጥሩ ስለሆነ ሁላችንም ደስ አለን። ማኅበሩ ፎቶውን ቲክቶክ ላይም ለቀቀው፣ ሙዚቃ ተጨመረበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጅቷ እናት መጣች። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ እምቢ ብላለች። የክፍል ልጆች በእናት በአባታቸው ስልክ አይተዋታል፤ ስም አውጥተውላታል። እናትየዋ አልጮኸችም፣ አልከሰሰችም። ፎቶው ሲነሳ ፈቅዳ ነበር፤ ፈርማለች። «እንዲህ ቅርብ ሰው ያየዋል ብዬ አላሰብኩም» ነው ያለችው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሚያዩት መስሏት ነበር።

ያን ማታ ፎቶውን ከሰርቨሩ አወረድኩት። ቲክቶኩን ማኅበሩ አጠፋው፣ ግን ሌሎች ገልብጠው ለቀውት ነበር፤ እነሱን ላገኛቸው አልቻልኩም። ልገሳው ቀነሰ። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ በዚያ ገንዘብ የሚበሉ ሌሎች ልጆች አሉ። በርክና አሚንም ይሄን ሒሳብ ያውቁታል፤ ያ ሰባት ደቂቃ ባይኖር በሕይወት የማይገኝ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ «መቅረጽ አልነበረባቸውም» የሚለውን ሰው አልሰማውም። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ዲምብልቢ ዝም ባለበት ቦታ ላይ አንድ ስም ቢገባ ፊልሙ ይዳከም ነበር? እኔስ ዳቦ መጋገሪያውን ላሸንፍበት የምችልበት ሌላ መንገድ ፈልጌ ነበር? አልፈለግኩም። ቁጥሩን አየሁና ቁልፉን ተጫንኩ።

የኛ አገር የዩቲዩብ በጎ አድራጎት ቻናሎችን ክፈቱ፤ የእንግሊዞቹ ዶክመንተሪ ሊያፍርበት የሚገባ ነገር ሁሉ አለ። ሶፋ ላይ የተቀመጠች እናት፣ የሚያለቅስ አቅራቢ፣ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ርዕሱ ላይ ቀይ ቀስት። ልዩነቱ ስሟን መናገራቸው ነው፤ ሙሉ ስሟን፣ ሰፈሯን፣ በሽታዋን፣ ባሏ ጥሏት የሄደበትን ምክንያት ጭምር። ከኮረሙ ዘገባ የጎደለው ሁሉ እዚህ ሞልቶ ፈስሷል፣ ግን ሴትዮዋ አሁንም አልተጠየቀችም፤ የምትመልሰው የሚያስለቅሰውን ብቻ ነው። ይሄ ከበርክ ዝምታ ይሻላል ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ። ኤድ ሺራን ላይ ስንስቅ ከርመን በማግስቱ ይሄንን ሼር የምናደርገው ግን እኛው ነን።

ለአያቴ ስለ ልጅቷ አልነገርኳቸውም ነበር። የኮረሙን ዘገባ ግን እስከ መጨረሻው አብረን አየነው። መሃል ላይ «አቁም» አሉኝ። አቆምኩ። «ትንሽ መልሰው።» መለስኩ። ካሜራው በሕዝቡ ላይ ሲያልፍ ጥግ ላይ አንድ ልጅ፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሁሉም ሰው ወደ ካሜራው ሲያይ እሱ ወደ ሌላ ነገር ያያል። ምን እንደሚያይ አይታይም።

አያቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ልጁን አሳዩኝ።

«ይሄ አሁን ከአንተ አባት ጋር እኩያ ነው» አሉ። «ወዲያ የሚያየው ምንድን ነው? እስቲ ከፍ አድርገው።»

ከፍ አደረግኩት። ምስሉ የድሮ ስለሆነ ሲጠጋ ይበታተናል፤ የልጁ ፊት አራት አምስት ነጥብ ብቻ ሆነ። አያቴ ግን አሁንም እየጠበቁ ነበር።